ዛጎሉ ጠፍቶ ዱካው ሲቀር፦ የባለሁለት ክዳን እንስሳትን ዱካ በጥንታዊ ሐይቅ ደለል ውስጥ ፈልጎ ለማንበብ

በጥንታዊ ሐይቅ ደለል ላይ የሚሠራ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ዛጎል ላይ ነው። ዛጎል ያምራል፣ ለማወቅም ይቀላል። ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። እንስሳው ከሞተ በኋላ ወንዝ ያንከባልለዋል፤ ማዕበል ጠርጎ ሌላ ቦታ ይጥለዋል። ወንዝ ውስጥ የኖረ እንስሳ ዛጎሉ ሐይቅ መሃል ተቀብሮ ሊገኝ ይችላል። ዱካ ግን አይጓዝም። እንስሳው ጭቃ ውስጥ የተቀመጠበት ጉድጓድ፣ የተሳበበት ቦይ፣ አሸዋ ሲደፋበት ሽቅብ ያመለጠበት መንገድ የተሠራው እዚያው በተገኘበት ቦታ ነው። «ነፍስ ያለው እንስሳ እዚህች ቦታ ላይ ነበር» ለማለት ከዱካ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ሌላም ምክንያት አለ። የእነዚህ እንስሳት ዛጎል በአብዛኛው የተሠራው አራጎናይት ከሚባል የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት ነው። አራጎናይት በቀላሉ ይሟሟል። በደለሉ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ትንሽ አሲድነት ካለው ዛጎሉ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ዱካው ግን የራሱ የደለሉ ቅርጽ ስለሆነ ይቆያል። ስለዚህ «ዛጎል የለም፣ እንስሳውም አልነበረም» ከማለታችሁ በፊት ድንጋዩን ገልብጡት።

ይህ መመሪያ ለጂኦሎጂ ተማሪዎችና ቅሪተ አካል ለሚወዱ ሁሉ ነው። ለአጭሩ «ባለሁለት ክዳን» የምላቸው በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት የዛጎል ክዳኖች ያሏቸውን፣ ገላቸው ለስላሳ የሆነ፣ ጭንቅላት የሌላቸውን የውሃ እንስሳት ነው።

1. ከድንጋዩ በፊት እንስሳውን እወቁት

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ዱካ ማለት እንቅስቃሴ ነው። እንስሳው እንዴት እንደሚቆፍር ያላወቀ ሰው ድንጋይ ላይ የሚያየው ጉብታና ቦይ ብቻ ይሆናል።

ባለሁለት ክዳን የሚቆፍረው በአንድ ጡንቻማ እግር ነው። ሂደቱ ዙር አለው። መጀመሪያ ክዳኖቹን በትንሹ ከፍቶ በሁለቱም ጎን ያለውን ደለል ይገፋል። በዚህ ጊዜ ዛጎሉ ባለበት ጸንቶ ይቆያል፤ እግሩ ወደ ታች ሲገፋ እንስሳው ወደ ላይ አይነሳም። እግሩ ከገባ በኋላ ክዳኖቹን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። በመዝጋቱ ሁለት ነገር ይሆናል። ደም ወደ እግሩ ይገፋና የእግሩ ጫፍ አብጦ ደለሉን ይይዛል። በዛጎሉ ውስጥ የነበረው ውሃ ደግሞ ተስፈንጥሮ ይወጣና ዙሪያውን ያለውን ደለል ያላላዋል። ከዚያ ጡንቻዎቹ ይኮማተሩና ዛጎሉን ወደ ተቸነከረው እግር ይስቡታል። ዛጎሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘ ትንሽ ይሰምጣል። ከዚያ ዙሩ እንደገና ይጀምራል።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ እንስሳው የሚሄደው በአንድ ወጥ ፍጥነት ሳይሆን እየቆመ እየተጎተተ ነው። ስለዚህ ዱካው ላይ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ምልክት ይታያል። ሁለተኛ፣ እንስሳው ደለሉ ውስጥ የሚቀመጠው በዛጎሉ ጠርዝ እንጂ በጎኑ ተኝቶ አይደለም። የኋላ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ውሃ የሚያስገባበትንና የሚያስወጣበትን ቀዳዳ ከደለሉ ብቅ ያደርጋል። ይህች ሁለተኛዋ ነጥብ በኋላ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ስትለዩ ትልቅ ሥራ ትሠራለች።

በጨው አልባ ውሃ ውስጥ በብዛት የምታገኟቸው ሦስት ዓይነት ቡድኖች ናቸው። ዩኒዮኒዳ የሚባሉት ትልልቆቹ ናቸው፤ ከ10 ሴንቲሜትር የሚበልጡም አሉ፣ ብዙዎቹም ግማሽ አካላቸውን ብቻ ቀብረው ይቀመጣሉ። ፒሲዲየምና ዘመዶቹ ጥቃቅን ናቸው፤ አብዛኞቹ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ናቸው። ኮርቢኩላ በመካከል ይገባል። ኢቴሪያ የሚባለው የአፍሪካ የወንዝና የሐይቅ ኦይስተር ግን ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር አይቆፍርም። የእሱን ዱካ አትፈልጉ።

ከቻላችሁ ሕይወት ያለውን እንስሳ ራሱን ተመልከቱ። ጎኑ ግልጽ የሆነ ሣጥን ውሰዱ። ወደ 15 ሴንቲሜትር የሚሆን ደቃቅ አሸዋና ጭቃ በቀጫጭን ንብርብር ሙሉበት። በየመሃሉ ቀለም ያለው አሸዋ በስሱ በትኑ። ውሃ ጨምሩና ለአንድ ቀን ይርጋ። እንስሳውን ላዩ ላይ አስቀምጡትና ተዉት። ራሱን ከቀበረ በኋላ ሌላ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር አሸዋ በቀስታ አፍስሱበት። ብዙ ጊዜ ሽቅብ ይወጣል። እንስሳውን አውጡትና ውሃውን በቀስታ አንጠፍጥፉ፤ ደለሉን በስስ ቢላ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁት። ቀለም ያለው መስመር የት ላይ እንደታጠፈ ስታዩ የድንጋዩ ዱካ ትርጉም ይሰጣችኋል። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በዓለም ላይ ብዙ የወንዝና የሐይቅ ባለሁለት ክዳን ዝርያዎች የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው። የተጠበቀ ዝርያ አትንኩ። የያዛችሁትንም ወደ ወሰዳችሁበት ውሃ ብቻ መልሱ። ወደ ሌላ ውሃ መልቀቅ ከባድ ጉዳት ያመጣል፤ ኮርቢኩላ በብዙ አህጉራት ወራሪ የሆነው ከቦታ ቦታ ስለተዛወረ ነው። መያዝ ካልተቻለ ውሃው እየሸሸ ያለ የሐይቅ ዳርቻ ሂዱ። እንስሳቱ ውሃውን ተከትለው ሲሳቡ የተዉት ረጅም ጠመዝማዛ ቦይ ጭቃው ላይ ይታያል፤ አንዳንዴ እንስሳው ራሱ ቦዩ መጨረሻ ላይ ይገኛል።

2. ሐይቅ መሆኑን አረጋግጡ

ዱካው ብቻውን ሐይቅ ይሁን ባሕር አይነግራችሁም። በጣም የታወቀው የባለሁለት ክዳን የመቀመጫ ዱካ ሎክያ ይባላል። ስሙ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1879 ሲሆን መጀመሪያ የተገለጸው ከባሕር ድንጋይ ነው። ተመሳሳይ ቅርጽ በሐይቅም፣ በወንዝም፣ በባሕርም ደለል ውስጥ ይገኛል።

ስለዚህ ማስረጃውን ከዙሪያው ሰብስቡ። እንደ ኮራል፣ ብራኪዮፖድ (ባለሁለት ክዳን የሚመስል ግን ዘመዱ ያልሆነ የባሕር እንስሳ) ወይም የባሕር ኮከብ ዘመዶች ያሉ የባሕር ብቻ የሆኑ ቅሪቶች አሉ? ካሉ ቁሙ። የመሬት ዕፅዋት ቅጠል፣ የጨው አልባ ውሃ ዓሣና ኦስትራኮድ (ሁለት ክዳን ያለው ጥቃቅን የሸርጣን ዘመድ) አሉ? ንብርብሩን ወደ ጎን ስትከተሉት ወደ ወንዝ ደለል ወይም ወደ ጥንታዊ አፈር ይቀየራል? የደረቀ ጭቃ ስንጥቅ አለ? አንዱ ብቻውን አይበቃም። ሦስት አራቱ ሲስማሙ ግን በልበ ሙሉነት መቀጠል ይቻላል።

3. ፈቃድና መሣሪያ

በብዙ አገር ቅሪተ አካል ያለ ፈቃድ ማንሳት ክልክል ነው። ከመሬቱ ባለይዞታና ከሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት ፈቃድ አስቀድማችሁ ያዙ። ለምልከታ ብቻ ከሆነ ቀለል ሊል ይችላል፤ ግን ጠይቁ።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። የጂኦሎጂ መዶሻ፣ መሮ፣ የዓይን መከላከያ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ፣ ሜትር፣ ካሊፐር፣ ኮምፓስ፣ ጂፒኤስ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ የውሃ መርጫ ጠርሙስ፣ ካሜራና ማስታወሻ ደብተር ይበቃል። የእጅ ባትሪ ግን አትርሱ። ለዚህ ሥራ ከመዶሻ ይልቅ ባትሪ ይጠቅማል።

4. የት እንደምትፈልጉ

ብዙ ሰው የንብርብሩን የላይ ገጽ ብቻ አይቶ ይሄዳል። ባለሁለት ክዳን ዱካ በብዛት የሚገኘው በአሸዋ ድንጋይ ወይም በሻካራ ደለል ድንጋይ ታች ገጽ ላይ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። እንስሳው ጭቃ ላይ ጉድጓድ ይሠራል። ጎርፍ ያመጣው አሸዋ ጉድጓዱን ይሞላዋል። ሁለቱም ድንጋይ ከሆኑ በኋላ ጭቃው ቶሎ ይሸረሸራል፤ አሸዋው ይተርፋል። በታች ገጹ ላይም ጉድጓዱ ተገልብጦ ጉብታ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ጭቃ ድንጋይና ስስ የአሸዋ ድንጋይ እየተፈራረቁ የተደረደሩበትን ቦታ ምረጡ። ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ዴልታ ደለል ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ከገደሉ ሥር የወደቁ ጥርብ መሰል ድንጋዮችን አንድ በአንድ ገልብጡ። ስትገለብጡ የትኛው ገጽ ላይ፣ የትኛው ታች እንደነበር አረጋግጡ። የሞገድ ሽንትር (ሞገድ አሸዋው ላይ የሠራው ተከታታይ ሸንተረር) ሹል ጫፉ ወደ ላይ ያመለክታል፤ የጭቃ ስንጥቅ ወደ ታች ይጠባል። ይህን ሳታረጋግጡ ያነሳችሁት ፎቶ ትርጉሙ ግማሽ ነው።

በፀጉር ስስነት የተደራረበ ጥቁር ጭቃ ድንጋይ ላይ ግን ብዙ አትድከሙ። እንዲህ ያለ ንብርብር ሳይበጠበጥ የቆየው ብዙውን ጊዜ ከታች ኦክስጅን ስላልነበረ ነው። የሚቆፍር እንስሳ ቢኖር ኖሮ ስስ መስመሮቹን ይደባልቃቸው ነበር። ዘላችሁ አትሂዱ ግን። «ዱካ የለም» የሚለውም መረጃ ነው፤ ጻፉት።

ብርሃን ወሳኝ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ምንም አይታይም። ጠዋትና ማታ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ፣ ትንሿ ጉብታ እንኳ ጥላ ትጥላለች። እኩለ ቀን ላይ ከሆናችሁ ድንጋዩን በጃንጥላ ወይም በልብስ ጋርዱትና ባትሪውን ከገጹ ጋር ሊነካ በተቃረበ አንግል ያዙት። ባትሪውን በቀስታ በዙሪያው አዙሩት። በአንድ አቅጣጫ ያልታየው በሌላው ብቅ ይላል።

5. ሦስቱ ዋና ዋና ዱካዎች

አዶልፍ ዛይላኸር የተባለው ጀርመናዊ የቅሪተ አካል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ዱካዎችን እንስሳው ሲያደርግ በነበረው ነገር ከፋፈላቸው፤ ማረፍ፣ መሄድ፣ መኖር፣ መመገብ እያለ። ለእኛ ሥራ ሦስት ይበቁናል።

*የመቀመጫ ዱካ።* ሎክያ ይህ ነው። ታች ገጹ ላይ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ መሃሉ ያበጠ፣ ልክ እንደ ገብስ ፍሬ የመሰለ ጉብታ ታያላችሁ። ርዝመቱ ከጥቂት ሚሊሜትር እስከ ብዙ ሴንቲሜትር ይደርሳል። ሌንሱን ቀርባችሁ አንድ ጉብታ ላይ ብቻ ጊዜ ስጡ። ጠርዙ ጥርት ያለ ነው? ገጹ ለስላሳ ነው? ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በመሃሉ የሚያልፍ ስስ ሸንተረር ካለ የሁለቱ ክዳኖች መገናኛ ጠርዝ ደለሉን የቆረጠበት ሊሆን ይችላል። አንዱ ጫፍ ከሌላው ትንሽ ወፈር ካለ ጻፉት፤ የእንስሳው ፊትና ኋላ አንድ ዓይነት ውፍረት ስለሌለው ነው። ብዙ ጊዜ እነዚህ ዱካዎች ብቻቸውን አይገኙም። አንድ ገጽ ላይ በርከት ብለው፣ አንዳንዴም ባንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ይገኛሉ።

*የመሄጃ ዱካ።* እንስሳው በደለሉ ውስጥ ወደ ጎን ሲጓዝ የሚተወው ቦይ ነው። አብዛኞቹ የጨው አልባ ውሃ ባለሁለት ክዳኖች እግራቸው ሽብልቅ መሰል ነው። የእነሱ መንገድ ወይ ለስላሳ ቦይ ይሆናል፤ ወይ የመቀመጫ ዱካዎች ጫፍ ለጫፍ እየተያያዙ የሄዱበት ሰንሰለት ይሆናል። ሰንሰለቱ ቲኮፕላዝማ በሚባል ስም ይታወቃል። እያንዳንዷ ፍሬ የአንድ ዙር መጎተት ውጤት ናት። ሁለት ተከታታይ ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት ከለካችሁ እንስሳው በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደተራመደ ታውቃላችሁ። ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተደረገች አንዲት መጎተት በሚሊሜትር ሊለካ መቻሉ እስካሁን ያስደንቀኛል።

በመንገዱ ላይ ቀስት መሰል ሰያፍ መስመሮች ግራና ቀኝ ተደርድረው ካያችሁ ስሙ ፕሮቶቪርጉላሪያ ነው። እንዲህ ያለ ዱካ በባሕር ውስጥ ከሚኖሩ፣ የእግራቸው ጫፍ ለሁለት ተሰንጥቆ ከሚከፈት ባለሁለት ክዳኖች ጋር በደንብ ተያይዟል። ሐይቅ ነው ባላችሁት ደለል ውስጥ ሲገጥማችሁ ወደ ክፍል 2 ተመለሱና ማስረጃችሁን እንደገና መርምሩ። ሌላ ዓይነት እንስሳ የሠራውም ሊሆን ይችላል።

*የማምለጫ ዱካ።* በእኔ ግምት ከሁሉም የበለጠ የሚናገረው ይህ ነው። እንስሳው ጭቃው ውስጥ ተቀምጧል። ጎርፍ ድንገት አሸዋ ይደፋበታል። ካልወጣ ይታፈናል። ስለዚህ ሽቅብ ይቆፍራል። ይህ በገጽ ላይ ሳይሆን በቁም በተቆረጠ ድንጋይ ጎን ላይ ነው የሚታየው። ከታች፣ የአሸዋው ንብርብር ከጭቃው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ የመቀመጫው ጉብታ አለ። ከእሱ በላይ የአሸዋው ስስ መስመሮች በአንድ ጠባብ ዓምድ ውስጥ ወደ ታች ታጥፈው፣ አንዱ በአንዱ ላይ የ«ቪ» ቅርጽ ሠርተው ይታያሉ። እንስሳው ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ የተተወውን ባዶ ቦታ አሸዋው እየወደቀ ሞልቶታል። ዓምዱ እስከ ንብርብሩ ጫፍ ከደረሰ እንስሳው ሳያመልጥ አልቀረም። መንገድ ላይ ካበቃና ጫፉ ላይ ሁለቱም ክዳኖቹ እንደተያያዙ ዛጎል ካለ አልቻለም ማለት ነው።

በሰሜን እንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ደለሎች ውስጥ ካርቦኒኮላ የተባለው የካርቦኒፌረስ ዘመን (ከ359 እስከ 299 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት) ባለሁለት ክዳን እንዲህ ያሉ ዱካዎችን ትቷል። ከታች የመቀመጫ ጉብታ፣ ከላይ የማምለጫ ዓምድ። ደለሉ በተደጋጋሚ በድንገት ይደፋ እንደነበር ከዚያ ይነበባል።

ከማምለጫው ጋር የሚምታታ አንድ ነገር አለ። ደለሉ ቀስ እያለ ሲጨምር እንስሳውም ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ልዩነቱን በንብርብሩ ውፍረትና ዓይነት ትለዩታላችሁ። ዓምዱ አንድ ወጥ የሆነ፣ በአንድ ጊዜ የተደፋ አሸዋ ብቻ ካቋረጠ ማምለጫ ነው። ብዙ ስስ የጭቃና የአሸዋ ንብርብሮችን ካቋረጠ ቀስ በቀስ የተደረገ ማስተካከያ ነው።

6. የሚያሳስቱ ነገሮች

አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው።

የጎርፍ ምልክት፦ ውሃ ጭቃውን ሲቦረቡር የሚሠራው ጉብታ አንዱ ጫፉ ጥልቅና ድብልብል፣ ሌላው ጫፉ ደግሞ እየሳሳ የሚጠፋ ነው። የመቀመጫ ዱካ ሁለቱም ጫፎቹ በግልጽ ያልቃሉ። በውሃ የተጎተተ እንጨት ወይም ጠጠር የፋቀው መስመርም በተመሳሳይ አቅጣጫ ብዙ ሆኖ ይገኛል፤ ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፣ ከላዩም የታጠፈ የአሸዋ መስመር የለም።

የሟሟ ዛጎል ቅርጽ፦ የሞተ ክዳን በጎኑ ይተኛል። ስለዚህ የሚተወው ቅርጽ ሰፊ ነው፤ የእድገት መስመሮችና ማጠፊያው ይታያሉ። ሕያው እንስሳ ግን በጠርዙ ስለሚቀመጥ ዱካው ጠባብ ነው። በክፍል 1 «ያዙ» ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ክብደት የፈጠረው ጉብታ፦ አሸዋ በለስላሳ ጭቃ ላይ ሲጫን ወደ ታች ይሰምጣል። እነዚህ ጉብታዎች መጠናቸው የተዘበራረቀ ነው፤ በመካከላቸውም የጭቃ ምላሶች ወደ ላይ ገብተው ይታያሉ።

ውሃ ያመለጠበት ቱቦ፦ በደለል ውስጥ የታፈነ ውሃ ፈንድቶ ሲወጣ የአሸዋውን መስመሮች ወደ ላይ ያጥፋቸዋል። ባለሁለት ክዳን ወደ ታች ያጥፋቸዋል። ይህን ካስታወሳችሁ ብዙ ክርክር ይቀርላችኋል።

የዕፅዋት ሥር፦ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ወደ ታችም እየቀጠነ ይሄዳል።

ሌሎች እንስሳት፦ በሐይቅ ደለል ውስጥ ትልቁ ፈተና ይህ ነው። ክዳን ሽሪምፕ የሚባሉት ትንንሽ እንስሳት ሁለት ክዳን አላቸው፣ ግን የሸርጣን ዘመዶች ናቸው። እነሱና ኦስትራኮዶች ትንሽ የገብስ ፍሬ መሰል ጉብታ ሊተዉ ይችላሉ። ጉብታው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ከሆነና በዙሪያው የክዳን ሽሪምፕ ቅሪት ከሞላ «ባለሁለት ክዳን ነው» ብላችሁ አትጻፉ። መሃሉ ላይ ጥልቅ ቦይ ኖሮት ለሁለት የተከፈለ፣ በጎኑም የመጫር መስመር ያለው ጉብታ ደግሞ ሩሶፊከስ ይባላል፤ እግር ያላቸው እንስሳት ሥራ ነው።

7. መለካትና መመዝገብ

መጀመሪያ የቦታውን የንብርብር ዓምድ (ንብርብሮቹ ከታች ወደ ላይ እንዴት እንደተደረደሩ የሚያሳይ ሥዕል) በ1:20 ወይም በ1:50 ልኬት ሣሉ። የእያንዳንዱን ንብርብር ውፍረት፣ የደለሉን ሻካራነት፣ ቀለም፣ የሞገድና የስንጥቅ ምልክት ጻፉ። ደለሉ በእንስሳት ምን ያህል እንደተበጠበጠ ከ0 እስከ 6 ባለው የተለመደ ሚዛን ስጡ። 0 ማለት ምንም ያልተነካ፣ 6 ማለት የመጀመሪያው ንብርብር ጨርሶ የማይታይበት ነው።

ለእያንዳንዱ ዱካ ርዝመት፣ ስፋት፣ ከገጹ የወጣበትን ከፍታና የረጅም ጎኑን አቅጣጫ ለኩ። ቆንጆዎቹን ብቻ እየመረጣችሁ አትለኩ። ገጹ ላይ አንድ ካሬ አስምሩና በውስጡ ያለውን ሁሉ ለኩ። የሚያምረውን ብቻ የለካ ሰው ትልልቆቹን ብቻ ይለካል፤ የእንስሳቱን ብዛትና ዕድሜም በተሳሳተ መንገድ ይገምታል። ሌላው ጥንቃቄ፣ ጉብታው የዛጎሉን ሙሉ መጠን ላያሳይ ይችላል። የዛጎሉ የታች ጠርዝ ብቻ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ከነበረ ዱካው ከእንስሳው ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ «የዱካ ርዝመት» በሉት እንጂ «የዛጎል ርዝመት» አትበሉት።

አቅጣጫ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የትኛው ጫፍ ፊት እንደሆነ ካላወቃችሁ 10 ዲግሪና 190 ዲግሪ አንድ መስመር ናቸው። በተለመደው መንገድ አማካይ ከወሰዳችሁ 100 ይመጣል፤ ይህ ደግሞ ከእውነተኛው መስመር ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠራ ፍጹም የተሳሳተ መልስ ነው። መፍትሔው እያንዳንዱን ቁጥር በ2 ማባዛት ነው። 20 እና 380 ይሆናሉ። ከ380 ላይ 360 ስትቀንሱ 20 ይቀራል። አማካዩ 20 ነው። በ2 ስታካፍሉት 10። መስመሩ ተገኘ። የተበታተኑ አቅጣጫዎች ሲሆኑ በእጥፍ የተባዙትን አንግሎች የሳይንና የኮሳይን አማካይ ውሰዱ፤ ከእነሱ አንግሉን አውጡና በ2 አካፍሉት።

ፎቶ ስታነሱ መለኪያ አብራችሁ አስቀምጡ። ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ጻፉ፤ አለበለዚያ በኋላ ጉብታውና ጉድጓዱ ዓይናችሁ ላይ ይገለባበጣሉ።

8. ምን ማለት ይቻላል?

ዱካው ካለ፣ በዚያ ጊዜ የሐይቁ ወለል ላይ ለመተንፈስ የሚበቃ ኦክስጅን ነበር። ውሃውም እንስሳው የማይችለው ያህል ጨዋማ አልነበረም። በጥቁርና ባልተበጠበጠ ጭቃ ድንጋይ መካከል አንድ ስስ አሸዋ ድንጋይ ከነዱካዎቹ ከተገኘ ሁኔታው ለጊዜው ተሻሽሎ ነበር ማለት ነው። ምናልባት ጎርፉ ራሱ ኦክስጅን ያለው ውሃና እንስሳቱን አብሮ አምጥቶ ይሆናል። ምርጫውን የሚወስነው የመቀመጫ ጉብታዎቹ ከአሸዋው በፊት ወይስ በኋላ እንደተሠሩ ነው።

ዱካዎቹ በአንድ አቅጣጫ ከተሰለፉ ፍሰት ነበር ብላችሁ መጠርጠር ትችላላችሁ። ግን ብቻውን አትመኑት። ከሞገድ ሽንትርና ከጎርፍ ምልክቶች አቅጣጫ ጋር አወዳድሩት።

ጥልቀቱን ለመገመት አብረው የተገኙትን ሌሎች ዱካዎች እዩ። የዱካ ቅሪት ተመራማሪዎቹ ሉዊስ ቡአቶይስና ገብርኤላ ማንጋኖ እ.ኤ.አ. በ1995 ሜርሚያ የሚባለውን የዱካ ስብስብ ለይተው አቅርበዋል፤ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ የሚቆይ፣ የተረጋጋ የሐይቅ ወለል መለያ ነው። ስኮየኒያ የሚባለው ስብስብ ደግሞ አንዴ የሚረጥብ አንዴ የሚደርቅ ዳርቻን ያሳያል። የባለሁለት ክዳን ቦይ ከጭቃ ስንጥቅ ጋር አንድ ገጽ ላይ ከተገኘ ውሃው እየሸሸ የነበረበት ዳርቻ ላይ ናችሁ።

ዓሣስ? የዛሬዎቹ ዩኒዮኒዳዎች እጮቻቸው አብዛኛውን ጊዜ በዓሣ ስንጥብ ወይም ክንፍ ላይ ተጣብቀው ነው የሚያድጉት። ስለዚህ የዩኒዮኒዳ መኖር ዓሣ እንደነበር ይጠቁማል። ፒሲዲየም ግን ልጆቹን በራሱ ውስጥ ያሳድጋል፤ ዓሣ አያስፈልገውም። ዱካ ብቻ ይዛችሁ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ስለ ዓሣ አትናገሩ። ዛጎሉ እዚያው ዱካው ጫፍ ላይ ከተገኘ ነገሩ ይለወጣል።

9. ስም መስጠትና ማስቀመጥ

የዱካ ስም የቅርጹ ስም እንጂ የሠራው እንስሳ ስም አይደለም። አንድ እንስሳ ሲቀመጥ ሎክያ፣ ሲሄድ ቲኮፕላዝማ ሊተው ይችላል። በሌላ በኩል የተለያዩ እንስሳት አንድ ዓይነት ሎክያ ይሠራሉ። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ሁለት ዓምድ ክፈቱ፤ አንዱ ለቅርጹ ስም፣ ሌላው ለሠሪው ግምት። ግምቱ አጠገብ የእርግጠኝነት ደረጃ ጻፉ። ዛጎሉ ከነሁለት ክዳኑ ዱካው ላይ ካለ «የተረጋገጠ»። ዛጎሉ በዚያው ንብርብር ካለና መጠኑ ከገጠመ «የሚመስል»። ቅርጹ ብቻ ካለ «የሚቻል»።

ናሙና የምትወስዱት ፈቃድ ሲኖርና አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ነው። ድንጋዩን ከማንሳታችሁ በፊት የሰሜን ቀስትና የላይ ገጽ ምልክት በማይለቅ ቀለም አድርጉበት። የናሙና ቁጥሩን በድንጋዩም፣ በከረጢቱም፣ በደብተሩም ላይ ጻፉ። የማምለጫ ዱካ ለማየት ድንጋይ የምታስቆርጡ ከሆነ መጀመሪያ ገጹን ሙሉ ፎቶ አንሡት፤ ከተቆረጠ በኋላ አይመለስም። የተቆረጠውን ጎን አለስልሱና በውሃ አርጥቡት፤ ደረቅ ሆኖ ያልታየው የታጠፈ መስመር ሲረጥብ ይወጣል። ሁለቱንም ግማሽ በአንድ ቁጥር ሥር አንድ ላይ አስቀምጡ፤ በሕዝብ ስብስብ ወይም ሙዚየም ካስረከባችሁም የንብርብሩን ሥዕልና የፎቶዎቹን ቅጂ አብራችሁ ስጡ።